ቀዩን ቡና ምረጡ

ዲላ፣ ሐሙስ ጥር 12 ቀን 2003 ዓ.ም.

ከማታ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች እንደኔ የሚያነብ የለም፤ መምህሩ ራሱ ይፈራኛል። ዛሬ ግን ማንበቤ ቆጨኝ።

ጪጩ ገበያ ጋሽ ጅግሶን አገኘኋቸው። ያኔ በምርጫው ጊዜ ፓርቲ መሥርተው፣ ነጋዴውን ሁሉ ሌባ እያሉ ከተማውን ለሁለት የከፈሉት ሰውዬ ናቸው። "ቀዩን ቡና ምረጡ" ይሉን ነበር፤ ምልክታቸው ቀይ እሸት ቡና ነው። የምርጫው ወረቀት ላይ ግን ቡናው በጥቁር ቀለም ታትሞ መጣ። እኛ ቡና ለቃሚዎች ጥቁሩን መጣል እንጂ መምረጥ መች ለምደን። ቀዩን ፈልገን ስናጣ ሌላ ምልክት ላይ ኤክስ አደረግን፤ እሳቸውም በዚያው ወደቁ።

"ጋሼ፣ ምናለ ቀይ እስክሪብቶ ቢያድሉን ኖሮ" ብዬ ቀለድኩ።

አልሳቁም። "ከሥሩ ስሜ ተጽፎ ነበር እኮ፣ አንተ" አሉኝ።

ዛሬ ቢሆን ሳልንተባተብ አነበው ነበር። ፓርቲውን ግን ካፈረሱት ቆዩ።