የአርካዲ ቁጣ በእንግሊዝኛ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ለመላው የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ ለወዳጅም ለጠላትም፦ የግራ እግር ካልሲዬ ዛሬ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሎንድሪ ሩም ሁለተኛው ማድረቂያ ውስጥ በገባበት ቀርቷል። ዕድሜው ሰባት ዓመት ነበር። የቀኙ ሐዘን ላይ ስለሆነ ለጊዜው እንግዳ አይቀበልም።

ሌላ ወሬ... አርካዲና ሶፍያ ዛሬም ተጣሉ። ሁለቱም ከታሽከንት የመጡ ናቸው። እሱ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ እሷ የጥርስ ሐኪም የነበረች። እዚሁ ቻምብሊ ከተማ፣ እኛ ሕንፃ ውስጥ በር ለበር ሲኖሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው። ልብሱን ሳይደርቅ ከማሽኑ አወጣችበት።

"ራስሽን በጥሼ ነው የምጥለው!"

"አንተን ብሎ ራስ በጣሽ! አንገትህን በሳሙና አሽልሃለሁ!"

በሩሲያኛ ነው እንግዲህ። ወደኛ ሲመጣ "ልክሽን አገባሻለሁ"፣ "ቆይ ብቻ" ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። ታሽከንት ስድስት ዓመት መስኖ ተምሬ፣ መስኖው ጠፍቶ ስድቡ ቀረልኝ።

"አንተስ ጌሻ፣ ምን ያስቅሃል?" አለችኝ። ገሠሠ ማለት አቅቷት ነው።

"ካልሲ ሞቶብኝ ነው" አልኳት።

ዓርብ ዓርብ ሾርባ ትሠራለታለች። ጉልበቷን ስለሚያማት የገበያ ከረጢቷን እሱ ነው የሚሸከምላት። እየተሳደበ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ቶሚ ኦፊስ ጠራኝ። የሕንፃው ማናጀር። አራት ዓመት ሙሉ "እንዴት ነህ ሚስተር ጂ" ብሎ መልሱን ሳይሰማ የሚያልፍ ሰው... ዛሬ ወንበር ሳበልኝ!

አዲሷ ጎረቤት የሁለቱን ጩኸት በስልኳ ሪከርድ አድርጋ ከሳለች። "ምን እንደሚባባሉ በእንግሊዝኛ ጻፍልኝ" አለኝ።

ጻፍኩለት። ስምንት ዓረፍተ ነገር፣ ቢጫ ወረቀት ላይ፣ ቃል በቃል። "ክራውፊሽ የት እንደሚከርም አሳይሻለሁ" የሚለው ላይ ቶሚ ሳቀ፤ ክራውፊሽ የወንዝ ሸርጣን ቢጤ ነው። "አንገትህን በሳሙና አሽልሃለሁ" ላይ ጠረጴዛውን መታ። ሞቅ አለኝ። "ራስሽን በጥሼ እጥለዋለሁ" ላይ ፈገግ እንዳለ ነው። የአርካዲ "ቢላ ላይ ከወጣን አሥራ አንድ ዓመታችን" ጋ ሲደርስ ግን ሳቁ ቆመ።

"ቢላ አለ እንዴ?"

"እኔ የተባለውን ነው የጻፍኩት።"

ሩሲያዊ "ቢላ ላይ ነን" ካለ፣ ዓይንና ናጫ ሆነናል ማለቱ ነው። አበቃ። አውቃለሁ! ታዲያ ለምን አልነገርኩትም? ቀልዱ እንዳይበላሽ... አብራርተው የሚነግሩት ቀልድ ምን ያስቃል?

ለማንኛውም ጥሩ ዋልኩ። እዚህ አገር ፈረንጅ አስቄ አላውቅም ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ከቅዳሴ በኋላ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ ለነተስፋጽዮን የክራውፊሹን ነገር አወራሁላቸው። ተስፋጽዮን ሆዱን ይዞ ሳቀ። የቢላውን ግን ዘለልኩት። ለምን ዘለልኩት? እንጃ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

አርካዲ ደብዳቤ ደረሰው። በሠላሳ ቀን ውስጥ ክፍሉን እንዲለቅ። ምክንያቱ፦ ጎረቤት ላይ መዛት፣ ስለት ጠቅሶ ማስፈራራት።

ደብዳቤውን ይዛ የመጣችው ሶፍያ ናት፤ ሁለቱም እንግሊዝኛ አይዘልቃቸውም። እኔ አነበብኩላት። የገዛ ቃሌ በማሽን ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት።

"እኔን አስፈራራ? እኔን? ማነው እንዲህ ያለ ነገር የነገራቸው?"

ደብዳቤውን አጣጥፌ መለስኩላት።

"ጌሻ፣ አንተ ቋንቋ ታውቃለህ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የት ይገባል? ልጁ ያለው ኦሪገን ነው፣ በዓመት አንዴ ነው የሚደውለው።"

"አነጋግርላችኋለሁ" አልኩ። ሌላ ምን ልበል? እጄን ይዛ ሳመችው። እጄን! ያንን ወረቀት የጻፈውን።

ለአርካዲ ከሠራችው ሾርባ ቀንሳ ትታልኝ ሄደች። አልበላሁትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

እናቴ በቀን ሦስቴ "እገድልሃለሁ" ትለኝ ነበር። ይኸው ሰባ ስድስት ሞላኝ። አጠገቧ እንደኔ ያለ አስተርጓሚ ቆሞ ቢሆን ኖሮ?

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ቶሚን ለምኜ ስብሰባ ተደረገ። ቶሚ፣ ከዋናው ቢሮ የመጣች ሴት፣ አርካዲ፣ ሶፍያ... እኔ መሐል።

በእንግሊዝኛ ተናዘዝኩ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ቢላ የለም፣ ዛቻም የለም። የአነጋገር ዘይቤ ነው፣ ተኳርፈናል ማለት። ትርጉሙን እያወቅኩ ነው ቃል በቃል የጻፍኩት።"

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። "እያወቁ? ለምን?"

"እሱ እንዲስቅልኝ።"

ቶሚ ጫማውን አየ። ሰባ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አፍሬ አላውቅም... ብዬ ነበር። ገና ነበር።

ደብዳቤው ተሰረዘ። ሶፍያ እጅጌዬን ጎተተች። "ምን አልካቸው?" አለችኝ በሩሲያኛ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ክፍሉ ውስጥ አምስት ሰው፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ አንድ ብቻ። ያም አንዱ ሌባ።

"ሽማግሌ እንዲህ ነው የሚነጋገረው፣ ቢላ የሚባል የለም አልኳቸው።"

ውሸት ነው? እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ሁሉም ተደምሮ ግን ነጭ ውሸት።

አርካዲ ግንባሬን ሳመኝ። "አንተ ውኃ የማይወጣህ መስኖ! አንተ አሮጌ አህያ!" አለኝ። እሱ የሚወደውን ሰው እንዲህ ነው የሚያመሰግነው።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ማሂ መጣች። የልጄ ልጅ፣ ነርሷ። ፍሪጁን ከፈተችና በአቸቶ የተዘፈዘፈ ቲማቲም የያዘ ጠርሙስ አወጣች።

"አባባ፣ ይሄ ከየት መጣ?"

"ከአርካዲ። ስጦታ ነው።"

"ለምኑ?"

ነገርኳት። ሙሉውን። ክራውፊሹ ላይ ሳቀች፤ ደብዳቤው ላይ ሳቋን ዋጠች፤ ስብሰባው ላይ እጇን አነሳች።

"ዌይት። ሶሪ ያልከው ለቶሚ ነው?"

"አዎ።"

"ቶሚን ምን አደረግከው?"

"ምንም።"

"ሶ?"

ሶ! አንዲት ፊደል ሆና እንዲህ ትወጋለች? አገር ቤት ስንት ባልና ሚስት አስታርቄአለሁ፣ ስንት ወንድማማች። ሽማግሌ ከተጣሉት መሐል ሲመላለስ ክፉውን ቃል መንገድ ላይ ጥሎ ደጉን ብቻ ይዞ ይገባል። እኔ የሌለ ክፉ ቃል ይዤ ገባሁ። ስተረጉምላቸው ደግሞ የራሴን ክፉ መንገድ ላይ ጣልኩት።

"ንገራቸው" አለችኝ።

"ይቀየሙኛል።"

"ሜይቢ።" ኮቷን ለበሰች። "አይ፣ አይቀየሙህም" እንድትለኝ እየጠበቅኩ ነበር። አላለችም። ጠርሙሱን መልሳ አስገባችው፣ ሳትከፍተው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አርካዲ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ሁለቴ። መራመድ ለስኳር ጥሩ ነው ብሏል ሐኪሙ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሄድኩ። ዛሬ አንኳኳሁ።

ሶፍያም እዚያው ነበረች፣ ዶሚኖ ይጫወታሉ። ልቀመጥ ስል ወንበሩ ላይ ካርቶን። ግድግዳውም ሥር ካርቶን ተደርድሯል። ደብዳቤው የመጣ ጊዜ ዕቃውን ከትቶ ነበር ለካ... እስካሁን አላወጣውም።

ቆሜ ነገርኳቸው። ስለ ቢጫው ወረቀት። ስለ ቶሚ ሳቅ። ስብሰባው ላይ ለነቶሚ ምን ብዬ፣ ለእነሱ ምን እንዳልኳቸው። ለጠብ የሚሆን ቃል በሩሲያኛ መቶ አውቃለሁ፤ "በድያችኋለሁ" ለማለት ግን እንደ አንደኛ ዓመት ተማሪ ተንተባተብኩ። ሶፍያ በእጇ የያዘችውን ዶሚኖ ገልብጣ አስቀመጠች። "እጅህን ሳምኩት እኮ" አለች። ለእኔ ሳይሆን ለጠረጴዛው።

አርካዲ ዶሚኖዎቹን ሰበሰበ። ከዚያ በሳቅ ፈነዳ። ትከሻዬን መታ አደረገና "አንተ ሽማግሌ ሰይጣን! ጆሮህን ነው የምነቅልልህ!" አለኝ። ቀለል ብሎኝ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

...

አሁን ደግሜ አነበብኩት። ይሄን ደብተር ከእኔ በቀር የሚከፍተው የለም። ታዲያ ማንን ለማታለል ነው?

የሶፍያ እውነት ነው። ካርቶኖቹም እውነት ናቸው። አርካዲ ግን አልሳቀም። ትከሻዬንም አልነካም። ተነሥቶ በሩን ከፈተልኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ለማያውቁት እንግዳ እንደሚከፈት። "ስለነገሩን እናመሰግናለን" አለኝ። አራት ዓመት አህያ ሲለኝ የኖረ ሰው... እርስዎ አለኝ። አንዲት ስድብ አልወጣውም።

ጆሮህን እነቅላለሁ ያለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ቢለኝ ብዬ።