ኤልፒዲዮ የሚያጸዳው ኮምፒውተር

ማንሳኒዮ፣ ኩባ

ልጄ ዩስሌይዲ፣ የኮብሬዋ እመቤታችን በሄድሽበት ሁሉ ጥላ ከለላ ትሁንሽ። እኔ ደህና ነኝ። ማንጎው ዘንድሮም ተንዠርግጎ አፍርቷል፤ የሚበላው ሰው ነው የጠፋው።

ኮምፒውተሩ ደግሞ እንደገና ታመመ። ሰፈርተኛው ድራማ የሚቀባበልበት ፍላሽ ቤት ለቤት ሲዞር ቫይረስ ይዞ ይመጣል፤ ገና ሲሰካ ፎቶሽ ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። ጠጋኙ ኤልፒዲዮ መጥቶ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ስንቴ ልንገርሽ? የሰው ፍላሽ አትሰኪ!" ብሎ ጮኸብኝ።

"እርጅና ነው፣ ረሳሁት" አልኩት።

"ድራማውን ግን አትረሺም!" ብሎ ሳቀና ማጽዳት ጀመረ። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እስኪጨርስ ሩዝ በጥቁር ቦሎቄ አቀረብኩለት፤ ስለ ሟች ሚስቱ አጫወተኝ፣ ስላንቺም ጠየቀኝ። ፎቶሽም ተመለሰ።

የላክሽልኝን አንቲቫይረስ ለምን እንዳልጫንኩት ጠይቀሽኝ ነበር። እንዳትቆጪኝ እንጂ ልንገርሽ፤ ጎረቤቴ ሚልድሬ ፍላሹ ቫይረስ እንዳለበት አስቀድማ አስጠንቅቃኝ ነበር። አውቄ ነው የሰካሁት። ኮምፒውተሩ ደህና ሲሆን በሬን የሚያንኳኳ የለም።

እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን። ካልከበደሽ በሳምንት አንድ ቀን ደውዪልኝ፤ ያኔ አንቲቫይረሱን እጭነዋለሁ።

እናትሽ ኦዳሊስ