የባሌን ልብ ለተረከቡት እመቤት

ለክብርት ማዳም ዶርካስ አንዶ
የሴቶች ኅብረታችን ሰብሳቢ፣ የጤና ማሟያ እንክብሎች አከፋፋይ
ኤልሚና

ክብርት ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ያ ሰውን የሚያባብለው ድምፅዎ ደህና ነው? እኛ ቤት ከእኔ በቀር ሁሉም ደህና ነው። እኔን ቅናት ይዞኛል። በአደባባይ የምናገረውም እርስዎ ሁልጊዜ «እህቶቼ፣ ነገር በሆዳችሁ አትያዙ» ብለው ስለሚመክሩን ነው።

እንደሚያውቁት ባለቤቴ ኤቦ ባይኒ፣ ጀልባ ጠራቢው፣ የልብ ምቱ ከተዛባ ቆይቷል። አንዴ ይጋልባል፣ አንዴ ደግሞ ጭራሽ የረሳው ነገር ያለ ይመስል ቆም ይላል። ሐኪሟ ምቱ እንዲስተካከል፣ ደሙም ረግቶ ወደ ጭንቅላቱ እንዳይወጣ በየቀኑ የሚውጠው ኪኒን ሰጥታዋለች። እንግዲህ እርስዎ ማክሰኞ፣ ባሕሩ እንዲያርፍ ዓሣ በማይጠመድበትና ወንዶቹ ሁሉ ቤት በሚውሉበት ቀን፣ ጠርሙስዎን ይዘው ደጃችን ከደረሱ ወዲህ የደረሰብኝን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ እኔ ኪኒኑን ከነውሃው ይዤ ስቆም «አንቺ ሴትዮ፣ ተይኝ! ጤነኛውን ሰው በሽተኛ አደረግሽኝ እኮ!» የሚለው ባሌ፣ እርስዎ «ኤቦዬ፣ እስቲ ለእኔ ብለህ» ሲሉት አፉን ከፍቶ እንክብልዎን ዋጠልዎ። ለእኔ ብለህ! እኔ ልጆቹን ወልጄ ያሳደግሁለት ሴት እንዲህ ተብሎ እንደሚለመን አላውቅም ነበርና ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፦ የጨው ዓሣውን እንዲተው ለምኜው ለምኜው ምላሴ ደርቆ ነበር። እርስዎ አንድ ቀን «ጨው ይቅርብህ» አሉት፤ ሳህኑን ገፋው። ማክሰኞ ማክሰኞም ታጥቦ ሸሚዝ ይቀይራል። ለእኔ ሲል ሸሚዝ የቀየረው በሠርጋችን ቀን ይመስለኛል። ቀናሁ፣ ክብርት ሆይ፤ አልደብቅዎትም።

ሦስተኛው ግን ቀልድ የለውም። «የሆስፒታሉን ተወው፣ የእኔ ይበቃሃል» አሉት። እሱም የሆስፒታሉን ኪኒን ከእንጨት ፍቅፋቂ ጋር አቃጠለው። ብዙም ሳይቆይ ጀልባ እየጠረበ ሳለ መጥረቢያው ከእጁ ወደቀ፤ ከንፈሩ ገረጣ፤ አሸዋው ላይ ቁጭ አለና ስሜን መጥራት አቃተው። ደግነቱ ተመለሰልኝ። ጠርሙስዎን አንጠልጥዬ ሐኪሟ ዘንድ ሮጥኩ። «ማሟያ ሁሉ ክፉ አይደለም» አለችኝ፤ «ይሄኛው ውስጥ ግን ከኪኒኑ ጋር የሚጣላ ቅጠል አለበት። ኪኒኑን ደግሞ አይተካውም። ካቋረጠ አንድ ጠዋት ሽባ ሆኖ ሊነሳ ይችላል፤ ላይነሳም ይችላል።» በሚኒባስ እስከ ቤቴ እያለቀስኩ ሄድኩ። ያን ቀን ለቅናት እንኳ ጊዜ አልነበረኝም።

አሁን ግን እሰይ፣ ልቡ ረግቷል! መጥረቢያው እንደ ድሮው ይሰማል። ስለዚህ በመጪው እሑድ ለምስጋና ነጭ ለብሶ፣ ማይክራፎን ይዞ፣ እንክብልዎ እንዳዳነው ለቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ሊመሰክር ነው። ሰዎች መሐረብ ያውለበልቡለታል፤ ልባቸው የሚዘልባቸው ሁሉ ኪኒናቸውን ጥለው ወደ እርስዎ ይመጣሉ። ነጩን ልብስ የተኮስኩት እኔ ነኝ። የሚጠራው ግን የእርስዎ ስም ነው፤ የእኔ ስም በዚያ ማይክራፎን አንድም ቀን አልተጠራም። ስተኩስ አንዱን እጅጌ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ከቅናት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ልመናዬ አንድ ነው። ማይክራፎኑን ሳይጨብጥ በዚያ ድምፅዎ «ኤቦዬ፣ ለእኔ ብለህ የሆስፒታሉን ዋጥ» ይበሉት። ከእኔ አፍ ቢሰማው አይውጥም። ሲውጥልዎ እኔ ፊቴን አዙሬ እቆማለሁ፤ ብቻ ይዋጥ።

በባሌ ልብ ውስጥ ከእርስዎ ኋላ ባለችው በርጩማ ላይ የተቀመጥኩ፣ ጤናዎንና ዕድሜዎን የምመኝ፣
አክባሪዎ
አራባ ባይኒ

ማስታወሻ፦ ልቡን ምን እንዳረጋው ሳልነግርዎ ልዘጋው ነበር። ከሐኪሟ የተመለስኩ ዕለት እንክብልዎን ከጠርሙሱ አውጥቼ እሷ በአዲስ የሰጠችኝን የሆስፒታሉን ኪኒን ሞላሁበት፤ «ማዳም አዲስ ዓይነት ልካልሃለች» ብዬ ዋሸሁት። ስምዎን እየባረከ በደስታ ሲውጠው ከረመ። ሐኪሟ ይህን ስነግራት ክፉኛ ተቆጣችኝ፤ «በገዛ ሰውነቱ ላይ እንዴት ታታልይዋለሽ? እውነቱን ይወቅ» አለች። እውነት አላት። ይህን ወረቀት በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የምለጥፈውም ለዚሁ ነው፤ ሰው ሁሉ ካነበበው እርስዎ እውነቱን ሳይነግሩት አይቀሩም። ኤቦ ራሱ የተለጠፈ ነገር አያነብም፣ ሰው ቢነግረውም ከእርስዎ አፍ ካልሰማ አያምንም። እሑድ ዝም ካሉ ግን እንክብልዎን በመሐረብ ቋጥሬ እመጣለሁ፤ መመስከር እኔም እችላለሁ። እውነቱን ከነገሩት ደግሞ ማክሰኞ እንደ ልማድዎ ብቅ ይበሉ፣ ሸሚዙን እቀይርለታለሁ። ጠርሙሱን ብቻ ባዶውን ይዘውልን ይምጡ።