የ«በረዶ ጀልባ» ውዝዋዜ ጠባቂ፣ ወይዘሮ ፉሚኖ ኩሬባያሺ

ወይዘሮ ፉሚኖ ኩሬባያሺ ከአባታቸው ከአቶ ጊሳኩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታኔ እ.ኤ.አ. በ1938 በካናዛዋ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ወርቅ ቀጥቅጠው ከወረቀት በላይ የሚያሳሱ ባለሙያ ስለነበሩ፣ በዚያ ቤት መሮጥ ክልክል ነበር። ፉሚኖም ገና በሕፃንነታቸው ንፋስ ሳያስነሱ መራመድ ለመዱ።

ይህን አረማመዳቸውን ያዩት አረጋዊቷ የውዝዋዜ መምህርት ወይዘሮ ኦሪሴ በደቀ መዝሙርነት ተቀበሏቸው፤ ከራሳቸው በቀር ማንም የማያውቀውን «የበረዶ ጀልባ» የተባለ ውዝዋዜም አስተማሯቸው።

በ1963 ዓሣ ነጋዴውን አቶ ሴይጂሮን አግብተው ወይዘሮ ቺሳን ወለዱ። አቶ ሴይጂሮ በየትርኢቱ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር፤ ሆኖም አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም።

ወይዘሮ ፉሚኖ ጉልበታቸው እየደከመ ሲሄድ ውዝዋዜው አብሯቸው እንዳይቀበር ሰጉ። በ2016 የዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች እንቅስቃሴያቸውን በኮምፒውተር ለመቅዳት ሲጠይቋቸው በደስታ እሺ አሉ። ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። ሰውነት ላይ የሚለጠፉትን፣ ካሜራ የሚከታተላቸውን ትናንሽ የመቅጃ ኳሶች የባህላዊ ልብሳቸው የኪሞኖው ሰፊ እጅጌ ይሸፍናቸዋል። በጥብቅ ጥቁር ልብስ ሲሞከር ደግሞ እጃቸው የለመደውን እጅጌ አጥቶ መንገዱ ጠፋው። በመስታወት ራሳቸውን አይተው፣ «ባሕር ጠላቂ አስመሰላችሁኝ እኮ!» ሲሉ ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። በመጨረሻ ወይዘሮ ቺሳ ኳሶቹን በአሮጌ ኪሞኖ ላይ ሰፍተው ነገሩን አቃለሉት።

ቅጂውን የመረመሩት መሐንዲስ አቶ ኢጋራሺ፣ «መምህር፣ እዚህ ጋ ቀኝ እግርዎ ለምን ይጎተታል? በሌሎቹ ውዝዋዜዎች ላይ የለም» ብለው ጠየቁ።

«የጀልባው ክብደት ነዋ! እንዲህ ነው የተማርኩት» አሉ ወይዘሮ ፉሚኖ ቆጣ ብለው። ቀጥሎ ግን ወይዘሮ ኦሪሴ ያስተማሯቸው ጊዜ ዳሌያቸውን ክፉኛ ያማቸው እንደነበር ትዝ አላቸው። «ወይ ጉድ! ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት የመምህሬን ሕመም ነው ለካ!» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ታዲያ እናስተካክለው?»

«ኧረ በሞቴ እንዳትነካው! እሳቸው የቀሩኝ በዚህች እርምጃ ነው። ግን ተማሪዎቼ በደህና እግራቸው እንዳያነክሱ ጤነኛውንም ትቀዳልኛለህ።»

ጤነኛው እርምጃ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ በሰባ ስምንት ዓመታቸው እንደ ጀማሪ ፍለጋ ገቡ፤ ክረምቱን ሙሉ እየሞከሩ፣ እየተናደዱ፣ እየሳቁ በበረዶው መቅለጫ ሰሞን አገኙት። አሁን ሁለቱም ቅጂዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ተማሪዎችም ሁለቱንም ይማራሉ።

በመጨረሻ በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ አቶ ኢጋራሺ ቅጂውን አሳዩዋቸው። አተኩረው አዩና፣ «አንገቴን ቀና ማድረግ ነበረብኝ። ሲሻለኝ እንደገና እንቀዳለን» አሉ። መጋቢት 9 ቀን 2024 በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው በእርጋታ አረፉ።

ወይዘሮ ፉሚኖ አንዲት ሴት ልጅና ሁለት የልጅ ልጆች አፍርተዋል፤ ለመማር መጥተው ቤታቸው ደጃፍ ጫማቸውን ያወለቁ ብዙ ደቀ መዛሙርትም ትተዋል። የቀደሟቸው ባለቤታቸው ነቅተው በደስታ ይቀበሏቸው፤ ነፍሳቸውም በብርሃን አገር ትረፍ።