ከኖራ ድንጋዩ በታች የነበረው ቤት

ጀማሌ፣ ሰላም ላንተ ይሁን፤ አጠገብህ ላረፉትም ሁሉ።

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። መቃብርህ ዘንድ መጥቼ ዱዓ ሳደርግ የምነግርህ ነገር ይበዛብኛል፤ ግን ሰው እንዳይሰማኝ አፍሬ ዝም ብዬ እመለሳለሁ። ዛሬ ሱቁን ቀደም ብዬ ዘጋሁና ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

ቤታችን አልሐምዱሊላህ ደህና ነው። ልጃችን ሂክማ የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ጀምራለች። ስትስቅ እንዳንተው አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እኔም እዚያው ኤረር በር፣ ሱቄ ውስጥ ቅመሜን እሸጣለሁ። ድንጋዮችህን ከመደርደሪያው አላነሳኋቸውም። እህቴ ለሰሃኖችሽ ጥሩ ቦታ ነበር ስትለኝ ተቆጣኋት። አንተ እያለህ ግን በየሳምንቱ አንሳልኝ እያልኩ የምነዘንዝህ እኔው ነበርኩ።

በተጋባን በወሩ ወደ ሸለቆው የወሰድከኝን ቀን ታስታውሳለህ? ዘመድ ልንጠይቅ መስሎኝ አዲሱን ጫማዬን አድርጌ ነበር። አንተ ግን ገደል ሥር ወስደህ አቆምከኝ። ከላይ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ደግሞ ቅጠል በቅጠል የሚላቀቀው ጥቁር ድንጋይ፣ ሼል የምትለው። ይህ ሁሉ ድሮ የባሕር ወለል ነበር አልከኝ። ሐረርን ከባሕር ምን አገናኛት ብዬ ሳቅሁብህ። አልተከፋህም። ጎንበስ ብለህ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለች ድንጋይ አነሳህና መዳፌ ላይ አስቀመጥክልኝ። ድሮ በሕይወት የነበረች ፍጥረት ናት አልከኝ። መስመሮቿን በጥፍሬ እየዳሰስኩ ሱብሐነላህ አልኩ። ነጩ ከዛጎልና ከባሕር ኖራ፣ ጥቁሩ በረጋ ውኃ ውስጥ ከዘቀጠ ጭቃ እንደተሠራ ያወቅሁት የዚያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ድንጋይህ ጠላቴ ሆነ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ተማሪዎችህ፣ እሑድ ደግሞ ገደሉ። ያን ስንጥቅ ካየህ በኋላማ ባሰብህ። ከኖራ ድንጋዩ አናት ላይ፣ ከሽማግሌው ገበሬ ከኦቦ ቃሲም ቤት በላይ ያለውን ማለቴ ነው። በሁለቱም በኩል ችካል ተክለህ ስፋቱን በሲባጎ ትለካ ነበር። በየክረምቱ በጥቂቱ ይሰፋል። ሼሉ ውኃ ሲጠጣ እንደ ሳሙና ያዳልጣል፣ የተሸከመውን ድንጋይ ይለቀዋል ብለህ ለሽማግሌው ነገርካቸው። ኦቦ ቃሲም ግን አባታቸውም አያታቸውም እዚያው ኖረው እንዳለፉ፣ የኦቾሎኒ ማሳቸውም ከቤታቸው ሥር እንደሆነ መለሱልህ። የሼሉን ስባሪ በሰሃን ውኃ ዘፍዝፈህ በጣታቸው እንዲያሹት ሰጠሃቸው። አሹት፤ እጃቸውን ታጠቡና ምሳ አቀረቡልህ። ከቤታቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

ሰፈሩ ድንጋይ የሚያነበው አስተማሪ እያለ ሲቀልድብህ እኔ ነበርኩ የማፍረው። አንድ ቀን የእኛው ጣሪያ እያፈሰሰ አንተ ለሰው ቤት ትጨነቃለህ ብዬ ጮህኩብህ። በማግስቱ መሰላል ተውሰህ ጣሪያውን ስትደፍን ዋልክ። ያን ቀን ይቅርታ ሳልጠይቅህ ቀረሁ። አሁን ይቅር በለኝ።

ኩላሊትህ ከደከመ በኋላ ሐኪሙ አቀበት ከልክሎህ ነበር። አንተ ግን ክረምቱ ሳይገባ አንዴ ብቻ ብለህ ለመንከኝ። እስከ መንገዱ መጨረሻ በባጃጅ ሄድን፤ ከዚያ በአንድ እጅህ ከዘራ፣ በሌላው ትከሻዬን ይዘህ፣ አሥር እርምጃ እየሄድን እያረፍን ወጣን። ኦቦ ቃሲም ደጃፋቸው ላይ ሆነው ከሩቅ ያዩን ነበር። ስንደርስ ገና አፍህን ሳትከፍት ወደ እኔ ዞረው፣ «በዚህ ጤናው ይህን አቀበት የወጣ ሰው ለራሱ ብሎ ከእኔ የሚፈልገው ነገር የለም። እሺ፣ እንነሳለን» አሉ። በዚያው ወር ከወንዙ ማዶ ካለው ሜዳ ላይ ጎጆ ቀለሱ። አንተም ብዙ ሳትቆይ ሄድክ።

የመጀመሪያው ክረምት ያለ ምንም ነገር አለፈ። ሰዎች ኦቦ ቃሲምን በሟች ቃል ቤቱን ጥሎ የወጣ እያሉ ሳቁባቸው። እኔም ኦቾሎኒ ሊሸጡ ሲመጡ ሳይ ዓይናቸውን ፈርቼ ወደ ሱቄ ጓዳ እገባ ነበር።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ግን ዝናቡ አራት ቀን ሙሉ አላባራም። በአራተኛው ቀን ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ገደሉ ወረደ። ድምፁን ከተማ ድረስ የሰሙ አሉ። እኔ አልሰማሁም። የሰማሁት በማግስቱ፣ ኦቦ ቃሲም ሚስታቸውን፣ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን አስከትለው ከሱቄ ፊት ሲቆሙ ነው። ልብሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበር። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«ልጄ፣ ቁጠሪን» አሉኝ። «ሁላችንም አለን።»

ዘጠኝ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው፤ ሁለተኛውን በእንባ ስለነበር አልጨረስኩትም።

መሬቱ ሲደርቅ አብሬያቸው ሄድኩ። የቤታቸው ጣሪያ እንኳን አይታይም፤ ሁሉም ከድንጋዩ ሥር ነው። አዲስ በተገለጠው ግድግዳ ላይ ደግሞ የሰፌድ ያህል የሚሆን የተጠቀለለ ዛጎል፣ ምንም ሳይሰበር፣ ፊቱን ወደ ሸለቆው አዙሮ ተቀምጧል። ስንት ዓመት የዚህን ያህል ትልቁን ሙሉ ሆኖ ፈልገህ ስባሪውን ብቻ ነበር ያገኘኸው። አንተን ሆኜ ብዙ አየሁልህ።

በቦታህ የተተካው ወጣት አስተማሪ ተማሪዎቹን ይዞ መጥቶ ነበር። እኔን ከስምንተኛ ክፍል ያልዘለልኩትን ንገሪያቸው አለኝ። ነጩ ከምን፣ ጥቁሩ ከምን እንደተሠራ፣ ውኃ ሲገባበት ምን እንደሚሆን ነገርኳቸው። አንድም ልጅ አልሳቀም።

ጀማሌ፣ አመሰግንሃለሁ። ስለ ዘጠኙ፣ ስለ ጣሪያዬ፣ እየናቅሁህም እንደዋዛ ችለህ ስላለፍከኝ። ከገደሉ በስተግራ ገና ሁለት ቤቶች አሉ። የአንዱ ባለቤት ለመነሳት ተስማምቷል። በሌላው የምትኖረው ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ እሺ እስክትለኝ በየእሑዱ እሄዳለሁ። ይህን ማን አስተማረሽ ብላ በጠየቀችኝ ቁጥር፣ ኢንሻአላህ፣ በሕይወት እስካለሁ ስምህን እጠራላታለሁ።

ያንተው ፈትያ