ቡሬ የቆመችበት ምክንያት

ውድ ወንድሜ ቦና፣

«አባባ እንዴት ዘይት መቀየር ይረሳሉ?» እያልክ ስትብሰለሰል እንደከረምክ አውቃለሁ። መልሱን ይዤልሃለሁ፤ ግን በቅድሚያ ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ያ አብሮህ የሚኖረው ልጅ አሁንም ወጡን እያሳረረ ያበላሃል? ሙቀቱ ሳይብስ ትንሽ እረፍት አገኘህ? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ለመጻፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ስልኩን ስለማታነሳ ነው በደብዳቤ የመጣሁብህ። የጎረቤታችን የአይሻ ልጅ ነስረዲን ወደ ዱባይ ስለሚመለስ በእጁ ልኬልሃለሁ።

የጭነት መኪናችን ቡሬ ዛሬም ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። አባባ ቀይና ነጭ ቀለሟን አይተው የላም ስም ያወጡላት ቀን ምን ያህል እንደሳቅን ታስታውሳለህ? ታህሳስ ላይ ከጎበሳ ስንዴ ጭነው ዳገቱን ሲወጡ ሞተሯ ነከሰና እዚያው ደርቃ ቀረች፤ ተጎትታ መጣች። የዚያን ቀን ስትደውል ድምፅህ ለሁላችንም ይሰማ ነበር። «በበረሃ የለፋሁበትን መኪና በአሮጌ ዘይት ገደላችሁት! ለምን አልተቀየረም?» አልክ። አባባ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «ረሳሁት ልጄ» አሉህ። ዘጋኸው። ከዚያ ወዲህ አልደወልክም።

አባባ አልረሱም፣ ቦና።

ነገሩ የተጀመረው አምና ነው፤ እኔ ያኔ የመካኒካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስለነበርኩ የሰማሁት ከባለጋራዡ ከኢርሻድ ነው። አንድ ጊዜ ደውለህ ስትጫወቱ፣ እናንተ ዘንድ የጭነት መኪና ዘይት የሚቀየረው በሃያ ሺህ ኪሎሜትር እንደሆነ ነገርካቸው። ለጨዋታ ያህል ነው ያልከው፤ ምናልባት ትዝም አይልህም። አባባ ግን በነጋታው ኢርሻድ ጋ ሄደው «ከእንግዲህ በየአምስት ሺው ና ና እያልክ አታስቸግረኝ፤ ልጄ ዱባይ በሃያ ሺህ ነው የሚቀይረው» አሉት። «ጋሽ ገረሱ፣ ዱባይ እኮ የጎበሳ ዳገት የለም» ቢላቸው፣ «አንተ የዘይት ገበያህ እንዳይቀርብህ ነው!» ብለው ሳቁበት። ሻይ ቤት ለሚያገኙት ሹፌር ሁሉ ይህንኑ አወሩ። ሃያ ሺህ ለእሳቸው የዘይት ቁጥር አልነበረም፤ የልጃቸው ቃል ነበር።

አንተም ለመንገድህ አልተሳሳትክም። ያንተው ሜዳ ነው፣ አስፋልት ነው፣ ዘይቱም ለረጅም ጉዞ የተሠራ ነው። ቡሬ ግን ከልኳ በላይ ጭና በሁለተኛ ማርሽ ትንፏቀቃለች፤ አቧራ ትውጣለች። ባትሪዋ አላስነሳ ስለሚል ደግሞ ስንዴው ተጭኖ እስኪያልቅ ሞተሯ አይጠፋም። ያን ሁሉ ሰዓት ዘይቱ ይሠራል፤ የኪሎሜትር ቆጣሪው ካለበት አይነቃነቅም። ቆጣሪ መንገድ እንጂ ድካም አይቆጥርም። አባባ ጠዋት ጠዋት የዘይት መለኪያውን እየመዘዙ ያዩ ነበር፤ አልጎደለም። «ቡሬዬ ዘይት አትበላም» እያሉ ይኮሩባት ነበር። ዘይት የሚቀየረው ግን ስለጎደለ አይደለም፣ ስለደከመ ነው። ኢርሻድ ሞተሩን ሲፈታ አብሬው ነበርኩ፤ ከስሩ የወጣው ዘይት ሬንጅ ይመስል ነበር።

«ደከመ» የሚለውን ቃል ለፈተና ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ አሁን ከበደኝ። አባባ በየጠዋቱ ጃኬታቸውን ለብሰው ይወጣሉ፣ የቡሬን መስታወት ይወለውላሉ፣ ከዚያ መወጣጫዋ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ቤታችን ምንም አልጎደለም፤ ሁሉ ነገር እንደነበረ ነው። እማዬ ግን «አባትሽ ደከሙብኝ» ትላለች። ሁለት ጎርሰው ይነሳሉ፤ ከበር እስከ ግቢ ሲሄዱ ያርፋሉ። ሐኪሙም የልብ ድካም ነው ብሏል።

እውነቱን ልንገረው ብዬ ስለምናቸው «አንቺ! ልጁ ሰው አገር ብቻውን ነው። ይሄን ተሸክሞ እንዴት መሪ ይይዛል? ረሳሁት ብያለሁ፣ አለቀ!» ብለው ተቆጡኝ። ትእዛዛቸውን ጥሼ ነው የምጽፍልህ። ልወቅስህ አይደለም። አንተ ባልሠሩት ጥፋት ተቀይመሃቸው፣ እሳቸው ያንተን ስህተት ተሸክመው፣ እንዲሁ ሳትነጋገሩ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ ፈርቼ ነው።

ስለ እኔ ከጠየቅክ፣ ሥራ እስካሁን የለም፤ ቁጭ ግን አላልኩም። ከኢርሻድ ጋር የቡሬን ሞተር እየገጣጠምን ነው። ሹፌሮቹ መጀመሪያ «ዲግሪዋን ግራሶ እንዳይነካባት!» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። አሁን «ኢንጂነር፣ የኔንስ በስንት ልቀይር?» ይላሉ። እኔም ምን ያህል እንደሚጭኑ፣ የት ዳገት እንደሚወጡ፣ ሞተር ሳያጠፉ ስንት ሰዓት እንደሚቆሙ ሳልጠይቅ ቁጥር አልሰጥም። ወደ ሁሩታ መውጫው ላይ ዘይት መቀየሪያ የመክፈት ሐሳብ አለኝ፤ ሌት ተቀን እሱን ነው የማስበው። ከሁሉ በፊት ግን አባባ የቡሬን ድምፅ እንዲሰሙ እየተጣደፍኩ ነው።

እማዬ በጸሎቷ ስምህን ሳትጠራ አትነሳም፤ ሰላም በይልኝ ብላለች። ትንሿ እህታችን ራኬብ ቁመቷ እኔን አልፏል፤ ፎቶህን ላክ ትልሃለች። አይሻም በዱዓዋ ታስብሃለች። ኢርሻድ «መንገዱ ይቅናህ» ብሏል። አባባ ግን ሰላም በይው አላሉኝም። እየጻፍኩልህ እንደሆነ ሲያዩ መወልወያውን አስቀመጡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «የሚነዳው መኪና ዘይቱ በጊዜው ይቀየርለታል? እዚያ አሸዋ ይበዛል ሲሉ ሰምቻለሁ። ጠይቂው እስቲ።»

ይኸው ጠየቅሁህ። መልሱን ግን ለእኔ አትጻፍልኝ፤ ደውልና ለእሳቸው ንገራቸው።

እህትህ ቤቴል ገረሱ
አሰላ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.