መሬቱን ስንት ቦታ ነክተሽዋል?

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ክሊሙ፣ ማቀዝቀዣው፣ ከጠዋት ጀምሮ እየጮኸ ነው፤ ክፍሉ ግን አልቀዘቀዘም። መስኮት ብከፍት ደግሞ የወደቡ ወበቅ ይገባል። ይህ ሰፈራችን፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ በሰኔ... ምን ይባላል።

ሳጥኔን ሠርቼ ከጨረስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። "ሳጥኔ" ማለት አሁንም ይገርመኛል። አሥራ አንድ ዓመት ሌላ ሰው የሠራውን ስጠግን ኖሬ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ለመለካት ግቢው ውስጥ የተቀበረው ሴንሰር መሬት ሲነቃነቅ ቅንጣት የምታህል ቮልቴጅ ይሰጣል። የኔ ሳጥን ያንን ወደ ቁጥር ይለውጣል። መሬቱ ዝም ሲል ቁጥሩም ዝም ማለት አለበት። አይልም። አራት ሺህ ድረስ ይዘላል። የተፈቀደልኝ ሃያ ነው!

አለቃዬ ማዳም ናዒማ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ጎበዝ ኢንጂነር ናት፣ ብዙ አታወራም። እስከ ሰኔ 22 ካልተስተካከለ ከውጭ እንገዛለን አለች። ያኔ የኔ ጠረጴዛም ይነሳል ማለት ነው። አላለችውም፤ ገባኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ሳጥኑን ከመብራት ነቅዬ በባትሪ አደረግሁት። ቁጥር አውጪው ኮንቨርተር አጠገብ ያሉትን መብራት አጣሪ ካፓሲተሮች በሙሉ ቀየርኩ። ሦስት ሺህ ስምንት መቶ። ለዚች ነው ሁለት ቀን የለፋሁት?

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ቁጥሮቹን ዘርዝሬ አየኋቸው። ዝላዩ ሥርዓት አለው... በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ፣ ሃምሳ ኸርዝ። የመብራት ነው። የሰፈሩ ክሊም ሁሉ ሳጥኔ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

የመብራት ከሆነ መድኃኒቱ ቴር ነው፤ በሽቦ ከመሬት ጋር ማሰር። ሳጥኑ በሕንፃው ቴር ታስሯል፤ ግን የዚህ ከተማ መሬት ደረቅ ነው፣ የባሕር ድንጋይ ኮራል ነው፣ አንድ ዘንግ አይበቃውም። እዚህ ያለ ኤሌክትሪሺያን ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ። ሴንሰሩ አጠገብ ሁለተኛ የመዳብ ዘንግ አስቀበርኩና የሴንሰሩን ገመድ የብረት ልባስ አሰርኩበት። ዘበኛችንን ጋሽ ወሰኑን ጠዋት ጠዋት ውሃ እንዲያጠጡት ለመንኳቸው። ምን ሊያበቅል ነው አሉኝ። ሳቅሁ።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ባሰበት። ስድስት ሺህ። ውሃው አንሶት ይሆናል... ጋሽ ወሰኑን ጨው ጨምሩበት አልኳቸው።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ሰባት ሺህ። ከማንም ጋር ማውራት አልፈልግም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ሚካኤል። ከሥራ በፊት ተሳልሜ ወጣሁ። ምን ብዬ ልለምን? ሃምሳውን ኸርዝ አስታግስልኝ? አፈርኩና ስለ ጤና ለመንኩ።

አርብ፣ ሰኔ 13

እዚህ እረፍቱ አርብና ቅዳሜ ነው፤ ቤት ዋልኩ። አባዬ ለምን እንደማልበላ ጠየቀኝ። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም ነበር፤ ሥራዬን ሁሉ "ራዲዮሽ" ነው የሚለው። እሱ ሠላሳ አንድ ዓመት በድሮው ባቡር የስልክ መስመር ላይ ሠርቷል። የሱ ጊዜ ሌላ፣ የኔ ሌላ ብዬ... ትዕቢት ነው፣ ሌላ ምን ይባላል። ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"መሬቱን ስንት ቦታ ነክተሽዋል?"

ሁለት፣ አልኩት። አንዱ አልበቃ ብሎ።

"አንዱን ፍቺው።"

"አባዬ፣ መሬት እኮ የትም ያው መሬት ነው።"

"ማን አለሽ? ለክተሽዋል?"

አልለካሁም። አሥራ አንድ ዓመት የቮልት መለኪያ ሜትር ይዤ ስዞር መሬትን ከመሬት ለክቼ አላውቅም። ማንስ ይለካል?

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

የእረፍት ቀኔ ነው፤ አላስቻለኝም፣ ሄድኩ። ሜትሩን በሁለቱ ቴሮች መካከል አደረግሁት። ርቀታቸው አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። አንድ ነጥብ አራት ቮልት።

ደግሜ ለካሁ። ያው።

ጸሐዩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ዕድሜ ልኬን ዜሮ ነው ብዬ የኖርኩት መሬት እዚህና እዚያ እኩል አይደለም። በሰፈሩ ግድግዳ ሁሉ ሾልኮ የሚወርደው መብራት ከእግሬ ስር እየሄደ ነው። እኔ ደግሞ ሁለቱን በገመዴ አገናኝቼ በሳጥኔ በኩል እለፍ ብየዋለሁ። ውሃውና ጨዉ መንገዱን ሲያሰፉለት ነበር የከረሙት። ጋሽ ወሰኑ ምን በደሉ!

ለካ ሴንሰሩም በብረት አካሉ ከመጀመሪያው መሬት ነክቶ ኖሯል፤ የድሮው አራት ሺህ ከዚያ ነው። ሳጥኑን ከሕንፃው ቴር ጋር ያሰረውን ሽቦ ቆረጥኩት። ገብቼ አየሁ። ሰማንያ።

ከሰባት ሺህ ሰማንያ... በአንዲት ሽቦ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ማታ ለአባዬ ነገርኩት። "እህ" ብሎ ሹሮውን ጨለፈ። በቃ፣ ይኸው ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 15

ሰማንያ ግን ሃያ አይደለም። የቀረው ሌላ ዓይነት ነው። ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል... ስድስት ሰባት ሰከንድ ይፈጃል። መብራት እንዲህ አይዘገይም። ሴንሰሩን ነቅዬ የሳጥኑን መግቢያ ዘጋሁት። ሦስት! ሳጥኔ ንጹሕ ነው። ሴንሰሩን በሌላ ቀየርኩት፤ ያው ተመልሶ መጣ። እና ከየት ነው የሚመጣው? ከወደቡ? ከከባድ መኪና? እነሱ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ። ይህ አይቆምም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

ቀርፋፋውን ሁሉ የሚቆርጥ ፊልተር፣ ቁጥሩን የሚያጣራ ፕሮግራም፣ ጻፍኩ። አሥራ አራት። ቀጥ ያለ መስመር፣ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ይህን ለማዳም ናዒማ ባሳያት ነገሩ አለቀ። ጠረጴዛዬም አይነሳም። ማንም አይጠይቀኝም።

ግን ምን እንደሆነ አላወቅኩትም። ያላወቅሁትን ነገር ነው የቆረጥኩት። እርግጠኛ ሆኜ ያጠጣሁት ጨው ውሃ አይበቃኝም? ... እንቅልፍ የለም።

እሑድ፣ ሰኔ 22

ቀነ ገደቡ ዛሬ ነበር።

ፊልተሩን አጠፋሁና ጠራኋት። በፈረንሳይኛ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። "ማዳም፣ ሰማንያ ላይ ነኝ። ሃያ ማድረግ እችላለሁ። ግን ይህ ከሳጥኑ አይደለም፤ ምን እንደሆነ አላወቅሁም።"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ ሞገዱ በተነሳ ቁጥር ጣቷን ጠረጴዛው ላይ ታሳርፋለች። ቆጠረች፣ ቆጠረች። አልቆልኛል ብዬ ነበር።

"ይህ ኖይዝ አይደለም፣ ረብሻ አይደለም" አለች በመጨረሻ። "ባሕሩ ነው።"

ወደቡ? አልኳት። አይደለም አለች። ሕንድ ውቅያኖስ። በዚህ ወር እዚያ ትልቅ ነፋስ ይነሳል፤ ማዕበሉ የውቅያኖሱን ወለል ይደበድባል፤ ወለሉ ይርዳል፤ መርገፍገፉ በዐለት ውስጥ አድርጎ እዚህ ድረስ ይመጣል። ከሺህ ኪሎሜትር በላይ። ማንም አይሰማውም። ሃያ የሚለው ለሳጥኑ ብቻ ነው አለች፤ ሳጥኑ ደግሞ ሦስት ነው።

"አሮጌው መሣሪያ ይህን አንድ ቀን አሳይቶን አያውቅም" ብላ የመረከቢያ ቅጹን ፈረመች።

ስትወጣ አለቀስኩ። ለሥራዬ ይመስለኝ ነበር... አይደለም። ላጠፋው ነበር እኮ። ውቅያኖስን የሚያህል ነገር እጄ ላይ መጥቶ፣ ቁጥሬን አበላሸብኝ ብዬ ልቆርጠው ነበር። እግዚአብሔር ሥራህ!

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1

ሳጥኑ ሐሙስ በረሃ ውስጥ ወዳለው ጣቢያ ይሄዳል። ሦስት ተጨማሪ ሥሪ ተባልኩ። ሁሉም አንድ ቴር ብቻ ነው የሚኖራቸው።

ዛሬ ከሰዓት ምንም አልሠራሁም። ሳላስተካክል፣ ሳልነካ፣ መስመሩን ሳይ ዋልኩ። ድሮ ቢሆን እንዲህ ተቀምጬ ራሴን በሰደብኩ ነበር። ጋሽ ወሰኑ ገቡና ምን እንደማይ ጠየቁኝ። ስለ ውሃው ይቅርታ ጠይቄ ባሕሩን አሳየኋቸው፤ ከየት እንደሚመጣም ነገርኳቸው።

"ይኼ አሁን ነው? እኛ ቆመን ሳለን?"

አሁን ነው፣ አልኳቸው።

ወለሉን ቁልቁል ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። እኔም አወለቅሁ።